«አይተላለፍም» ስለሚለው መልስዎ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ጉዳዩ፦ ስለ ቫይረስ በየበሩ ያስለጠፉትን ጥያቄና መልስ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጤና የሁላችንም ጤና መሆኑን ከልምድ እናውቃለን፤ እርስዎ አንድ ቀን ያስነጠሱ እንደሆነ ሦስተኛው ፎቅ በሙሉ መሐረብ ያወጣል። ጉልበትዎ አይድከም፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ የፊርማዎ ቀለም አይደብዝዝ እያልኩ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ በላቦራቶሪው ክፍል የምርመራ ውጤት መዝጋቢ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁ ሠራተኛ ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ ስሜ ቢጠፋብዎት እንኳ «እንደምን ነሽ እመቤቴ» ብለው በጨዋ ደንብ የሚያልፉኝ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ሴት ነኝ። ደብዳቤዬን ግልጽ አድርጌ በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ድፍረት በዝቶብኝ እንዳይመስልዎ። በዝግ በር የተነገረ ጥፋት በዝግ በር እንደሚቀር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስላየሁ ነው።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሮቻችን በቫይረስ ተመትተው የምርመራ መዝገባችን ለአሥራ አንድ ቀን ተቆልፎብን ነበር። ነገሩ ካለፈ በኋላ እርስዎ በማኅተምዎ አስደግፈው «ስለ ቫይረስ በተደጋጋሚ የሚጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው» የሚል አንድ ገጽ ጽሑፍ በየበሩ አስለጠፉ። ከእነዚህ አንዱ የእኔ ክፍል በር ላይ ስለሆነ ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ስገባ፣ ማታ ስወጣ አንብቤዋለሁ። ስለ ኮምፒውተር ቫይረስና ስለ ሰው ቫይረስ በአንድ ገጽ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስተምር በመሆኑ ስለ ወረቀት ቁጠባው ሳላመሰግን አላልፍም። ሆኖም በቃሌ ያጠናሁትን ያህል ልቤ አልተቀበለውምና፣ ቅሬታዬን እንደ ጽሑፉ አካሄድ በቁጥር አቀርባለሁ። አንዳንዱ ወደ እርስዎ የሚሄድ ነው፤ የሚበልጠው ግን ወደ ላኪዋ የሚመለስ መሆኑን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

1ኛ. «ቫይረስ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ «በዓይን የማይታይ፣ በሰውም ሆነ በኮምፒውተር ውስጥ የሚራባ ተባይ» የሚል ነው። ስለ «ተባይ» እጅግ እናመሰግናለን። በዚህ ቃል የተነሣ የጽዳት ክፍሉ በትእዛዝዎ ኪቦርዶቹን ሁሉ በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ወለወለ፤ ከቫይረሱ የተረፉት ሁለቱ ኪቦርዶችም በፈሳሹ አረፉ። የበር ጥበቃው ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ክፍላችን ብቅ ሲል አፍና አፍንጫውን በጭንብል ይሸፍናል። አንድ አዛውንት ታካሚ ደግሞ የታተመ ውጤታቸውን ስሰጣቸው በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው፣ «ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ከዚያ ከታመመው ማሽን የወጣ አይደለም አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳቸው አልሳቅሁም። ቢያንስ የሰጧቸውን ሳይጠይቁ አልተቀበሉም።

ትክክለኛውን መልስ እኔ የሰማሁት እርስዎ ካሰናበቱት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ አንገቱ ላይ ምንጊዜም አንድ ገመድ የማይጠፋ፣ ስለዚህም ሁላችንም «ሽቦ» እያልን የምንጠራው ሰው ነው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ ሁለቱም በራሳቸው አንዳች ነገር ማድረግ አይችሉም። ሰው የሚያሳምመው ቫይረስ ሕያው ሴል ካላገኘ ራሱን ማባዛት አይሆንለትም። የኮምፒውተሩም ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ትእዛዝ ነው፤ የሚያስነሣው ካላገኘ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም የሰው ቤት ገብተው በባለቤቱ እጅ የሚሠሩ እንግዶች ናቸው። የራሳቸው እጅ የላቸውም።» በአነጋገሩ ስቄ ሻዬን ጠጣሁ። እጅ የማውሰው እኔ እንደምሆን ማን ነግሮኝ።

2ኛ. «ጉንፋን የያዘው ሠራተኛ ምን ያድርግ?» ለሚለው «ሌሎችን እንዳያስይዝ እቤቱ ይቆይ» ብለዋል። የሕመም ፈቃድ ቅጹ ግን ታማሚው ራሱ በአካል ቀርቦ በአራት ቢሮ እንዲያስፈርም ስለሚያዝ፣ ጉንፋኑ እቤቱ ከመቆየቱ በፊት አራት ቢሮ ይጎበኛል። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም፤ ጉንፋኑም ሲያጉረመርም አልተሰማም።

3ኛ. «ቫይረስን አስቀድሞ መከላከል ይቻላልን?» ለሚለው «አዎ» የሚል ባለ አንድ ቃል መልስ ሰጥተዋል። ሽቦም «አዎ» ብሎ ነበር፤ የእሱ «አዎ» ግን ሦስት ደብዳቤ ፈጅቷል። በመጀመሪያው ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መከላከያ ፕሮግራም እንዲታደስ ጠየቀ። በሁለተኛው የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ የሚቀመጥበት መሣሪያ እንዲገኝለት ለመነ። በሦስተኛው ደግሞ የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ከውጭ የመጣ ፍላሽ እንዳይቀበሉ አድርጎ እንዲዘጋቸው ፈቃድዎን ጠየቀ። በሦስቱም ደብዳቤዎች ጠርዝ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትዎ «ይታይ» ብለው መርተውባቸዋል። በእርግጥም ታየ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ አየነው፤ ደብዳቤዎቹ ፋይል ውስጥ ሲገቡ አየን፤ በመጨረሻም ቃጠሎውን አየነው። «ይታይ» ተብሎ በእውነት የታየበት መሥሪያ ቤት የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን «ከወረቀት ነፃ አገልግሎት» በሚለው መመሪያዎ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውጤት የጻፍኩበት ትልቁ የእጅ መዝገብ ተሰብስቦ ምድር ቤት ወረደ። ሽቦ «የቅጂው ነገር ሳይስተካከል ወረቀቱ አይነሣ» ብሎ ሲከራከር እርስዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እኔስ ምን አልኩ? እኔ አጨበጨብኩ። ጣቶቼ ከቀለም የተገላገሉ መስሎኝ በስብሰባው መካከል ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው ያጨበጨብኩት። ስለዚህ ይህን ቅሬታ ለሁለት እንካፈለው።

4ኛ. «ቫይረሱ ወደ ሆስፒታላችን እንዴት ገባ?» ለሚለው «ጥንቃቄ በጎደለው የኮምፒውተር ባለሙያ ምክንያት» የሚል መልስ ለጥፈዋል።

ክቡር ሆይ፣ ቫይረሱ የገባው በእኔ ምክንያት ነው።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። የእህቴ ልጅ ተመርቃ፣ ፎቶዎቿን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ አስገልብጬ ነበር። በዚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ሰው ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ ጠፍቶኝ አይደለም። ሽቦም ደጋግሞ፣ «እህቴ፣ ከውጭ የመጣ ፍላሽ መጀመሪያ ወደ እኔ ይምጣ፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው» ይለኝ ነበር። የእሱ ክፍል ከእኔ ወንበር ሃያ ሦስት እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ያን ዕለት ግን እህቴን ያሳደግኋት እኔ፣ ልጇን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ፣ ጥቁር ካባ ለብሳ የቆመችውን ያቺን ልጅ ለሰው ለማሳየት አምስት ደቂቃ መጠበቅ አቃተኝ። ናሙና ተቀባይዋንና ሁለቱን የላቦራቶሪ ባለሙያዎች «ኑ እስቲ እዩልኝ!» ብዬ ጠርቼ ሰካሁት።

ከፎቶዎቹ መካከል አንዱ አልከፈት አለኝ። ሁለቴ ጠቅ አደረግሁት፤ አልተከፈተም። ተናድጄ ደጋገምኩት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ፎቶ መስሎ የተቀመጠውን ትእዛዝ በገዛ ጣቴ አስነሣሁት። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን በመዝገቡ ውስጥ ያሉ ፋይሎች ስማቸው ሁሉ ማንም የማያነበው የፊደል ግትልትል ሆነ፤ በስክሪኔም ላይ በባዕድ ቋንቋ «ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከእኔ ማሽን ተነሥቶ በገመዱ እየሄደ ካርድ ክፍሉንና መድኃኒት ቤቱንም አዳረሰ።

እኔ ፍላሹን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አብረውኝ ፎቶ ያዩት ሦስቱ ባልደረቦቼ ፎቶ እንጂ ሌላ ነገር አላዩም፤ ነገሩን ከነገሩ ያገናኘ ቢኖርም እንደ እኔው ዝም አለ። ፎቶዋን አይተው «እልል! ለወግ ለማዕረግ ያብቃት!» ያሉኝን ሰዎች ከሦስት ሰዓት በኋላ ዓይን ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ነበር።

5ኛ. «የኮምፒውተር ቫይረስ ወደ ሰው ይተላለፋልን?» ለሚለው፣ በደማቅ ፊደል «በፍጹም አይተላለፍም» ብለዋል። መልስዎ ትክክል ነው፤ ማንም ባለሙያ ቢጠየቅ ይህንኑ ይላል። እኔ ግን አሻግሬዋለሁ። እንዴት እንዳሻገርኩት ላስረዳዎት።

በዚያው ሳምንት ሰኞ አንዲት ነፍሰ ጡር ደም ሰጥታ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ስምንት ወር ተኩል የሞላት። ታሪኳን የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ «ስሜን አታንሺ እንጂ ሌላውን ሁሉ ንገሪ፤ ሌላዋ ትዳንበት» ብላኛለች። ውጤቷ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወጣ፤ የጉበት ቫይረስ በደሟ ውስጥ ተገኝቷል። መዝጋቢዋ እኔ ነኝ። በቀን ከመቶ በላይ ውጤት ስለማስገባ ስሟም ውጤቷም በጣቴ አልፎ ሄደ፤ ልቤ ጋ አልደረሰም። ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም፤ ከወረቀት ነፃ ነንና።

አርብ ዕለት መጣች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መስኮቴ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ የእኔ ውጤት ደርሷል?»

«ሲስተም የለም የኔ እህት፤ ሰኞ ተመለሺ» አልኳት።

ሰኞ ሩቅ ሆኖባት ነው መሰለኝ መስኮቱን ሳትለቅ፣ «ክፉ ነገር ይኖርበት ይሆን?» አለችኝ።

«ክፉ ነገር ቢኖርበትማ ይጠሩሽ ነበር» አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ ማን ነው የሚጠራት? መዝገቡን አይቶ የሚጠራ ሠራተኛ ቢኖር እኔ ነኝ። እሷ ግን አመነችኝ፤ እያመሰገነችኝም ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ምጥ ይዟት ወደ ማዋለጃ ክፍላችን መጣች። አዋላጇ ወደ ላቦራቶሪው ስልክ ደውላ ተረኛውን ጠየቀችው፤ ተረኛውም «መዝገቡ አይከፈትም» አላት፤ እሷም በካርዱ ላይ «ውጤት አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ይህ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ በብዛት የሚያልፈው በወሊድ ሰዓት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይጠበቃል። በእኛ ቤት ደንብ ግን ያ ክትባት በልደት ቀን የሚሰጠው እናቱ ቫይረሱ እንዳለባት ለታወቀ ሕፃን ብቻ ነው። የዚያች ሕፃን እናት አልታወቀችም። የታወቀችበት ቦታ ተቆልፎ ነበር።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን ልናገር። ያ ምርመራ ደሙ እንደገና ተቀድቶ ወረፋ ሳይጠብቅ ቢሠራ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ ነው። አርብ ዕለት ሴትዮዋ መስኮቴን ለቃ ስትሄድ ይህ ሐሳብ መጥቶልኛል። «ውጤታቸው የጠፋባቸውን ነፍሰ ጡሮች እንጥራና ደም እንደገና ይስጡ» ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። ነገር ግን ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ እነሱን መጥራት ለምን ተቆለፈ የሚለውን ያስጠይቃል፣ ያም ማን ሰካ የሚለውን ይጎትታል፣ የጥያቄው መጨረሻ ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ፍላሽ ናት ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ሻይ ጠጣሁ።

መዝገቡን መልሶ የከፈተልን ሽቦ ነው። እርስዎ «ይታይ» ባሉት መሣሪያ ፈንታ ከገዛ ቤቱ ባመጣው አሮጌ ዲስክ ላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ በየማታው ቅጂ ያስቀምጥ ኖሯል። አሥራ አንድ ቀን ማሽኖቹን አንድ በአንድ ካጸዳ በኋላ እስከ ረቡዕ ማታ የነበረውን ሁሉ መለሰልን። ክቡርነትዎ በዚያ ሰኞ ለጋዜጠኞች «ተቋማችን ባደረገው የተቀናጀ ጥረት» ሲሉ፣ የተቀናጀው ጥረት ከጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ያስር ነበር።

ዝርዝሩን ሳትም የልብስ ሰፊዋን ስም አየሁት። ወረቀቱን ይዤ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሮጥኩ፤ አዋላጇ ውጤቱን አንብባ ቀና አለችና፣ «ልጇ እኮ ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው» አለችኝ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ያዘችና አብረን ወጣን።

ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪና፣ አጠገቡ እጅጌ ያልተገጠመላቸው የተማሪ ሸሚዞች ክምር አለ፤ ሕፃኗ በዘንቢል ውስጥ ተኝታለች። አዋላጇ አጠገቧ ተቀምጣ ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ ሰኞ ተመለሺ ስትይኝ አምኜሽ እኮ ነው የሄድኩት» አለችኝ።

እኔም፣ «ምን ላድርግ፣ የኮምፒውተሩ ጥፋት ነው» አልኳት። አፌ በዚያን ሰዓት ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።

6ኛ. «ቫይረስ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?» ለሚለው «በምልክቶቹ፦ ትኩሳት፣ ድካም፣ የማሽን መዘግየት» የሚል መልስ ሰጥተዋል። ትኩሳቱ የማን እንደሆነ፣ መዘግየቱ የማን እንደሆነ ለይተው ባይነግሩንም አንጣላም። ቅሬታዬ ምልክት የሌለውን በመርሳትዎ ነው። ልብስ ሰፊዋ ምናልባት ለዓመታት ምንም ሳያማት ያንን ቫይረስ ተሸክማ ኖራለች። እኔም እንዲሁ አንድ ነገር ተሸክሜ ከሰው ጋር ስስቅ፣ ስበላ፣ ስተኛ ከረምኩ። ማንም ፊቴን አይቶ «ምን ሆነሻል?» ያለኝ የለም።

ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ ሲጠራኝ ሦስት ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። «በዚያ ጠዋት በክፍላችሁ ከውጭ የመጣ ዕቃ የሰካ ሰው አይተሻል?» አሉኝ። «እኔ እንጃ፤ ሥራዬ ላይ ነበርኩ» አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ጨምሬም «የኮምፒውተሩ ነገር እኛን አይመለከትም፤ ባለሙያ አለው» አልኳቸው። ጸሐፊው ይህን ቃሌን በትጋት ጻፈው። በስንብት ደብዳቤው ውስጥም ቃል በቃል ገብቷል፤ ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ።

ስወጣ ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገኝና በለሆሳስ፣ «እህቴ፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደተሰካ ማሽኑ ራሱ መዝግቦታል፤ አይቼዋለሁ። ለእነሱ አልነገርኳቸውም። አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል። እስከ አርብ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፍላሽ ይዤ እንድመጣ ሲለምነኝ የነበረው ያው ፊት ነው።

ረቡዕ ልናገር ነው አልኩ። ሐሙስ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ እንደ ዕድል ሆኖ አራቱም ቢሮዎች ቅጹን ያለ ምንም ጥያቄ ፈረሙልኝ። አርብ አለፈ። በተከታዩ ሳምንት የስንብት ደብዳቤው ተሰጠው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና፣ ከዚያ በኋላ የጠፋ እስክሪብቶ፣ የተሰበረ በር፣ የዘገየ ሊፍት ሳይቀር በእሱ ሲላከክ እኔ «ያሳዝናል» እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ከቁጥሩ ውጭ የሆነውን ደግሞ እንዲህ አሳጥሬ ልንገርዎ።

ሽቦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ሁለት መንገድ አልፎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። እኔ በዚያ በኩል ላለማለፍ ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሃያ ደቂቃ የሚረዝም መንገድ ስዞር ኖሬያለሁ። ሐኪሜ «ክብደት ቀንሰሻል፣ በርቺ» ብላኛለች።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሕፃኗ የዘጠኝ ወር ምርመራዋን አደረገች። ቀሪ ክትባቶቿን በጊዜያቸው ወስዳለች፤ እናቷም ክትትል ላይ ናት። ውጤቱ ሲወጣ ባለሙያው አጠገብ ቆሜ ነበር። ነፃ ናት። በእጄ መዝገብ ላይ ጻፍኩት፤ ምድር ቤት ወርጄ አሮጌውን መዝገብ ያለ ፈቃድዎ አምጥቻለሁ፤ ይህንንም በጥፋቶቼ ላይ ይደምሩልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሮጥኩ። ተሸክማት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ «ነፃ ናት!» ስላት ዓይኗን ጨፍና ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት። እኔ አለቀስኩ። በደስታው መካከል ልቤ ቀለል ስላለኝ፣ ያን ጊዜ ነው የፍላሹን ነገር ያወጣሁላት፤ ስለ ፎቶዎቹ፣ ስለ አርብ፣ ደግማ ደም እንድትሰጥ አስቤ ስለ መተዌ ሁሉንም ነገርኳት።

ስጨርስ የልጇን የሹራብ ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች። ከዚያም ብድግ ብላ፣ «እትዬ፣ የእሷን ነፃ መሆን ለእኔ ተይልኝ። ለራስሽ እንዳትወስጂው» አለችኝ።

ከዚያን ሰዓት ወዲህ በረጅሙ መንገድ መሄድ አልቻልኩም። በዚያው ዕለት ወደ ሽቦ ሱቅ ገባሁ። የአንድ ስልክ ሆድ ከፍቶ ያይ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና መቀመጫ አቀረበልኝ። «ለምን አልተናገርክብኝም?» አልኩት። «በአንቺ ላይ መስክሬ ብተርፍ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሻይ አይወርድልኝም ብዬ ነው» አለ። አክሎም፣ «ደግሞ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ ነበር» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ተሰድቤ አውቃለሁ፣ ተመትቼም አውቃለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያመመኝ የለም። ይቅርታ ልለምን ስነሣ፣ «ለእኔ አይደለም መናገር ያለብሽ» ብሎ ወደ ስልኩ አጎነበሰ።

ስለዚህ ተናግሬያለሁ። በአራተኛው ጥያቄ ሥር የተለጠፈው መልስ ተፍቆ የእኔ ሥራ እንዲጻፍበት፣ ባለሙያው ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ እሱ ባይፈልግ እንኳ በግል ማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠው ጥፋት ተነሥቶ በእኔ ማኅደር ውስጥ እንዲገባ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፍላሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላስቲክ አሽጌ አያይዣለሁ፤ እባክዎ ኮምፒውተርዎ ላይ አይሰኩት። ሦስቱን «ይታይ» የተባለባቸውን ደብዳቤዎችም ቅጂ አያይዣለሁ፤ እነሱን ግን ቢያዩዋቸው ጉዳት የላቸውም።

ዘጠኝ ወር በዝምታዬ ያገዝኩዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ምንጣፍዎና ስለ አጫጭር መልሶችዎ ለዘወትር የማመሰግንዎ፣ የሚወስኑብኝን ሁሉ በሙሉ ልብ ለመቀበል መስኮቴ ላይ የምጠብቅዎ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣

የላቦራቶሪው የውጤት መዝጋቢ

ግልባጭ፦
ለሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአጣሪ ኮሚቴው (ቃሌን ለማረም)
ለስልክ መጠገኛው ሱቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽቦ የስንብት ደብዳቤውን አሳይቶኝ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ «ቫይረስ» ለማለት «ባይረስ» ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተምዎም በላዩ አርፎበታል። የእኔን ስንብት ሲያጽፉ ጸሐፊዎ እንዳትደክም በዚያው ላይ ስሙን ብቻ ቀይራ ትጠቀምበት። የፊደል ግድፈቷንም ወደ «ቫ» አትመልሳት፤ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ «ሳ» አድርጋ «ባይረሳ» ትበለው። እርስዎም እኔም ቶሎ የምንረሳ ሰዎች ነንና።